ትርንጎ የሰፋችው ሸሚዝ

ልብስ ሁሉ የሰፊውን ድምፅ ይያዝ የሚለው አዋጅ ከወጣ ወዲህ ሸሚዝ ይናገራል። የላይኛውን ቁልፍ ስትቆልፍ የሰፋችው ሴት ስለ ኑሮዋ በገዛ አንደበቷ ትነግርሃለች፤ ፋብሪካው ማንንም እንዳልበደለ የሚያረጋግጠው በዚህ ነው።

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ እየገባሁ ሸሚዝ እቆልፋለሁ። ጎረቤታችን የነበረችው ትርንጎ ለስፌት ሥራ ሐዋሳ ከሄደች ሁለት ክረምት አለፈ፤ ስልኳም አይሠራም።

«አንተ ልጅ፣ የምትመርጠው ሸሚዝ ነው ሚስት?» ይሉኛል ጋሽ ሸምሱ።

ዛሬ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ ቆለፍኩ።

«ትርንጎ ነኝ። እኔማ አለሁ» አለ ኮሌታው።

«ይኸው አገኘሃት! አንገቱ ላይ ያለው የፋብሪካው ማኅተምም ‹ሠራተኛዋ ደህና ናት› ይላል» አሉ ጋሽ ሸምሱ እየሳቁ።

«ደህና ነኝ መች አለች ጋሼ? አለሁ ነው ያለችው። እናቷ የሞተች ሰሞን እንዴት ነሽ ስላትም እንዲሁ ነበር ያለችኝ።»

ሳቃቸው ቆመ። ቃሏን ሰምቶ ማኅተሙን የሚመታው ማሽን ይህን ከየት ይወቀው?

ቁልፉን ፈትቼ ደግሜ ቆለፍኩት። «ትርንጎ ነኝ። እኔማ አለሁ።»

ጋሽ ሸምሱ ሸሚዙን ሊጠቀልሉልኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ይተዉት ጋሼ፣ ለብሼው እሄዳለሁ። የሐዋሳ አውቶቡስ ከየት ነው የሚነሳው?»