ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ

በሕገወጥ መንገድ ድንበር የሚሻገርም የሚያሻግርም አሥር ዓመት ይታሰር የሚለው ረቂቅ አዋጅ ቀርቦ፣ ክቡር እንደራሴው «ከእንግዲህ በዚያ ድንበር ዝንብ እንኳ አታልፍም!» ብለው ተጨበጨበላቸው። ድምፅ ሲሰጥም ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ነበሩ። አዋጁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

መውጫው ላይ የሕግ ክፍሉን ሠራተኛ ክንዱን ያዝ አደረጉት።

«ስማ አያልነህ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጸናው?»

«እንደተለመደው ነዋ ክቡርነትዎ፣ በጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ።»

«መቼ ይወጣል?»

«ማተሚያ ቤቱ ወረቀት የለኝም ብሏል። ከዓርብ በፊት አይደርስም።»

«አገር በድንበር እየፈሰሰ ወረቀት የለም ይባላል?» ብለው ተቆጡ።

መኪናቸው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ከዘጉ በኋላ ባለቤታቸው ጋ ደወሉ።

«የሺመቤት፣ ለደላላው ንገሪው። ልጃችንን እስከ ሐሙስ ካሻገራት በአሮጌው ሕግ ነው።»