አጭር ጣት

«ፒያኖ በአምስት ዓመት ነው የሚጀመረው» አለችኝ እማዬ፣ ፎርሙን ሳትፈርም እየመለሰችልኝ። «ከዚያ በኋላ ጣት ይደርቃል፤ እኔ ነኝ የማውቀው። ደግሞ ጣትሽ አጭር ነው፣ የኔን ነው የወረስሽው።»

«ጣት ቋንጣ ነው እንዴ የሚደርቀው?» አልኳት።

«እግዜር የምላስሽን ርዝመት ለጣትሽ በሰጠው» አለችና ነጠላዋን አንስታ ወደ ዕድር ስብሰባዋ ሄደች። በየቅዳሜው የሚሰበሰብ ዕድር ያለው እኛ ሰፈር ብቻ ነው፤ ሰው ሳይሞት ምን እንደሚያወሩ እንጃ።

በጣም ተናደድኩ። የወጣት ማዕከሉ ምዝገባ የሚያልቀው ዛሬ ነው፤ የወላጅ ፊርማ የሌለው ፎርም ደግሞ አይቀበሉም። ቢሆንም እስከ ሰኞ እንዲጠብቁኝ ልለምን ሄድኩ።

የፒያኖ መምህሩን በር ላይ አገኘሁት። እሱ ሳይቀድመኝ ብዬ፣ «ጣቴ አጭር ነው፣ አሥራ አምስት ሞልቶኛል፣ ቤታችንም ፒያኖ የለም» አልኩት።

ሳቀ። «ይሄን ሁሉ ማን ነገረሽ? ውስጥ ያለችውን ተማሪዬን ስሚያት። በአርባ ሦስት ዓመቷ ነው የጀመረችው። ጣቷ ካንቺ አይረዝምም፣ ቤቷም ፒያኖ የለም። ግን አንድም ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም።»

ከውስጥ የሚሰማው ዜማ እየተደናቀፈ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ እንደምንም መጨረሻው ላይ ደረሰ። በሩን ገፋሁት።

ነጠላዋ ወንበሩ ላይ ተጣጥፏል። ፎርሙን ከነእስክሪብቶው ፒያኖው ላይ አስቀመጥኩላት።

«ዕድሩ አለቀ እንዴ፣ እማዬ? የሚፈረመው እዚህ ጋ ነው።»