ፋይል የያዘው ሰውዬ

ሰውየው በሱቁ ፍርግርግ በኩል «ሳኒቦናኒ» ብሎ ሰላም ሲላት፣ ሱሀይላ ያየችው ፊቱን ሳይሆን በብብቱ ሥር የያዘውን ፋይል ነበር። በደቡብ አፍሪካዋ ቴምቢሳ ፋይል ይዞ ዳቦ ሊገዛ የሚመጣ ሰው አይታ አታውቅም። በተማሪ ቪዛ በሳምንት ከሃያ ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድም፤ እሷ ደግሞ በአጎቷ ሱቅ ስንት ሰዓት እንደምትቆም ቆጥራው አታውቅም። እጇን ወደ ኋላ ልካ የሽርጧን ማሰሪያ ፈታችና ሽርጡን በእግሯ ከባንኮኒው ሥር ገፋችው።

«እዚህ የምትሠራ ተማሪ አለች?» አላት በእንግሊዝኛ፣ ዓይኑን ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ እያዞረ። ፈገግታው ጭራሽ አላማራትም።

«የለችም።»

«አንቺስ?»

«እኔ እንግዳ ነኝ፤ አጎቴን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ጥቂት ሰዓት እንኳ አትሠሪም?»

«አንድም ሰዓት!»

የሰውየው ፈገግታ ጠፋ። ከፋይሉ አንድ ወረቀት አውጥቶ ወደ ፍርግርጉ አስጠጋላት። የራሷ ጉርድ ፎቶ፣ ከሥሩም የራሷ ፊርማ ነበረበት። ለመመረቅ የሚያስፈልጋትን የተግባር ልምምድ እዚሁ ሱቅ እንደምትሠራ፣ ባለፈው ወር ለኮሌጇ የሞላችው ቅጽ ነው።

«ከኮሌጅሽ ነው የመጣሁት፤ ልምምድሽን ላረጋግጥ» አላት፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ። «ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ። እዚህ ትሠሪያለሽ?»

አፏን ስትከፍት አጎቷ ከጓዳ ብቅ አለ። መጀመሪያ ፋይሉን አየ፤ ከዚያ እሷን።

«ኖ፣ ሰር!» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ይቺ ልጅ እዚህ አንድም ቀን ሠርታ አታውቅም!»