የፀጉር ቤቱ ለቅሶ

«አውልቂው!» አለች ሥርጉት፣ የልጇን የሁዲ ቆብ እየጎተተች። «በዚህ ሙቀት ምን ተከናንበሽ ትቀመጫለሽ? ሰው ተራ እየጠበቀ ነው!»

ዕንቁ ቆቡን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች። ከኋላዋ ፀጉር ሠሪዋ ቦሰና ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቆማለች። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ይህ የሀበሾች ፀጉር ቤት አርብ ከሰዓት መቀመጫ አይገኝበትም። ተረኞቹ ሴቶች ስልካቸውን የሚያዩ መስለው በመስታወቱ ውስጥ እናትና ልጅን ያያሉ።

እሑድ የሀኒ መልስ ነው። ሀኒ የሥርጉት የእህት ልጅ ናት፤ ዕንቁን ጨምሮ ሚዜዎቹ ሁሉ በሀበሻ ቀሚስና በሹሩባ ሊሰለፉ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ሥርጉት ከዚህ ሁሉ ድግስ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ለአንድ ቀን እንኳ፣ ልጇ የሷ ልጅ እንድትመስል። አሥራ አምስት ዓመት ላሳደገች እናት ይሄ በዛባት?

«አላወልቅም» አለች ዕንቁ።

የሥርጉት ትዕግሥት እዚህ ላይ አለቀ። ደህና አድርጋ ሳበችውና ቆቡ ወደ ኋላ ተገለበጠ።

ፀጉር የለም። ቦሰና ጎንጉና ለመጨረስ ጣቷ የሚዝልበት፣ ሥርጉት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቅቤ እየቀባች ያሳደገችው ፀጉር ከሥሩ ተላጭቷል። ጆሮዋ አጠገብ ምላጭ የቆረጣት ቦታ ላይ ትንሽ ደም ደርቋል። ከተረኞቹ አንዷ «ጉድ!» አለች። ሌላዋ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በእጇ ያዘች።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ። ትናንት፣ ባዝሩም ውስጥ።»

«ምን ልሁን ብለሽ?»

«አላውቅም። ትራይ እያደረግኩ ነው።»

ትራይ! ሥርጉት ይህን ቃል እስከ አፍንጫዋ ጠግባዋለች። መጀመሪያ ፓስተር ካልሆንኩ ብላ የጸሎት ቤቱን ማይክ አልለቅም አለች፤ ያን ጊዜ እናቷም እልል ብላለች። ቀጥሎ ከኮሪያታውን ልጆች ጋር ገጥማ፣ በእነሱ ቋንቋ እየዘፈነች ቤቱን በዳንስ አናወጠችው። ከዚያ ደግሞ ጥቁር ጥፍር፣ ጥቁር ከንፈር፣ ሥጋ አልበላም። ሁሉንም ያልፍላታል ብላ ዋጠችው። የአሁኑን ግን በምን ትዋጠው? ፀጉር እስከ እሑድ አይበቅል።

«ቦሰና፣ ሂውማን ሄር ቀጥዪላት!»

«ምኑ ላይ፣ ሥርጉትዬ? የምይዘው እኮ የለኝም።»

«እንግዲያው ዊግ!»

«ዊግ አላደርግም» አለች ዕንቁ። «እንደዚሁ ሆኜ እመጣለሁ። ካፈርሽብኝ ደግሞ አልመጣም። ኦኬ?»

«እንደዚህ ሆነሽማ የአዳራሹን ደጅ አትረግጪም! የአባትሽ ዘመዶች ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

«ሶ ሌላ ልጅ ፈልጊ። አንቺ የምትፈልጊያት እኔ አይደለሁም።»

ንዴቱም እፍረቱም አንድ ላይ መጣና የሥርጉት እንባ ዱብ ዱብ አለ። ሴቶቹ ፊት ማልቀሷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

በሩ የተከፈተው ይሄኔ ነው። የገቡት እትዬ ባንቺአየሁ ናቸው። በከተማው ውስጥ የማይደርሱበት ለቅሶ የለም። ሥርጉትን እዚያው ለቅሶ ላይ ያውቋታል፤ ልጇን ግን አይተዋት አያውቁም። ቆም ብለው የምታለቅሰውን እናት፣ የተላጨችውን ልጅ፣ ጸጥ ያሉትን ሴቶች አዩ። እሳቸው ባደጉበት አገር ሴት ልጅ ራሷን የምትላጨው የቅርብ ሰው ሲሞትባት ነው።

«ውይ፣ እኔ ልሙት!» ብለው ደረታቸውን መቱ። «ምነው ሳትነግሩን? ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?» አሉ ወደ ሥርጉት ዞረው።

«ኧረ እትዬ፣ እንደሱ አይደለም...» ብላ ቦሰና ጀመረች።

ሥርጉት በመስታወቱ ውስጥ የዕንቁን ዓይን አየች። ዕንቁም ትክ ብላ አየቻት እንጂ ዓይኗን አልሰበረችም።

«ልጄ» አለች ሥርጉት። «ልጄ ሞታብኝ ነው፣ እትዬ።»

እንዲህ ያለ ነገር እናት አትልም። እሷ ግን አለችው፤ ስትለውም ደስ አላት።

እትዬ ባንቺአየሁ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ፤ አጠገቧ ተቀምጠውም እጇን ያዙ። ዕንቁ ከወንበሩ ተነሥታ መጣችና እናቷ ፊት ቆመች። ልትጮህባት የመሰላት ሥርጉት ራሷን አዘጋጀች። ልጅቷ ግን እንደ ለቀስተኛ ጎንበስ አለች። ሌላ ጊዜ በእንግሊዝኛ የምትቆራርጠውን አማርኛ ምንም ሳታጎድል፣

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻት።

«አሜን» አለች ሥርጉት።

ከአፏ አመለጣት። ስንት ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የለመደ አፍ ለዚህ ቃል ሌላ መልስ አያውቅም። አሜን ያለችው ለልጇ መርዶ መሆኑ የገባት፣ ዕንቁ በሩን ከፍታ ከወጣች በኋላ ነው።

ቆቡን መልሳ አልደፋችውም። በመስኮቱ በኩል፣ የተላጨው ራሷ ፀሐይ ላይ እያብለጨለጨ ሲርቅ ይታያል።

«አይ ልጅ! ስሟ ማን ነበር?» አሉ እትዬ ባንቺአየሁ፣ የሥርጉትን እጅ እያሻሹ።

«ዕንቁ!» ሥርጉት ተነሥታ ወደ መስኮቱ ጮኸች። «ዕንቁ!»

እትዬ ባንቺአየሁ ስሙን ከአፏ ተቀበሏት። «ዕንቁዬ! ዕንቁዬን!» እያሉ፣ ደረታቸውን እየደቁ ሙሾውን አወረዱት። ከመስኮቱ ወዲያ ልጅቷ ፌርፋክስ ዳር ቆማ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ትጠብቃለች። አልዞረችም።