አንድ ሰዓት ከሃያ

አያ አድማሴ የካርቶኑን ሲባጎ መፍታት ጀምረዋል። የጨረቃን ብልጭታ የሚቀርጸውን ካሜራ ከድብ ባሕር እስከ ጎንደር በአውቶብስ ታቅፈውት ነው የመጡት። "ይመለስ" የሚለውን ደብዳቤ የጻፈችው የጥናቱ ኃላፊ ናዝራዊት ናት።

"ተማሪዎቼ 'መምህርን ጨረቃ ጠቀሰቻቸው' እያሉ ይስቁብኛል" አሉ፣ ቋጠሮው ላይ እንዳቀረቀሩ። "አሁን ደግሞ ውሸታም ተብዬ ካሜራ ስነጠቅ ያያሉ።"

ናዝራዊት አልሳቀችም። ከጠፈር የመጣ ጨረር ካሜራን ሲነካ ነጭ ነጥብ ይጥላል፤ ድንጋይ ጨረቃን ሲመታም እንዲሁ፤ ጨረሩ ግን የሚነካው አንዱን ካሜራ ብቻ ነው። ስለዚህ በጎንደሩና በድብ ባሕሩ ካሜራ በእኩል ቅጽበት ያልታየ ብልጭታ ይሰረዛል። ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት። ዓመቱን ሙሉ የአያ አድማሴ አንድም አልገጠመም።

"እስቲ የማክሰኞዋን ብቻ እይልኝ። ሸጋ ነበረች። አንድ ከሃያ ላይ።"

"አያ፣ በዚያ ሰዓት እኮ ጨረቃዋ ጠልቃለች። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የእርስዎን የሚጥለው ለዚህ ነው።"

"ምነው እቴ! ከምሽቱ አንድ ከሃያ የምን መጥለቅ ነው? ራት እንኳ አልቀረበ!"

ናዝራዊት ከኮምፒውተሩ ወደ እሳቸው ዞረች።

"የካሜራውን ሰዓት ማን ሞላው?"

"እኔ ነኛ። በሬዲዮው የምሽት ሁለት ሰዓት ዜና፣ ሰከንድ ሳላስት።"

ፕሮግራሙ የሚያነበው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ለእሱ አንድ ከሃያ ማለት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው።

ወደ ምሽቱ እንዲመጣ አሥራ ስምንት ሰዓት ጨመረችበት። ዝርዝሩ ከላይ ጀምሮ መለወጥ ያዘ፦ ገጠመ። ገጠመ። አልገጠመም። ገጠመ። እስከ ዘጠኝ ቆጥራ ተወችው።

የማክሰኞውን ከፈተች። በግራ የጎንደሩ፣ በቀኝ የድብ ባሕሩ። በሁለቱም፣ በጨረቃዋ ጨለማ ጎን፣ እዚያው ቦታ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ በራ፤ በሚቀጥለው ምስል ደበዘዘ፤ በሦስተኛው ለዓይን ጠፋ። ጨረር እንዲህ ቀስ ብሎ አይሞትም። በደብተሯ የማክሰኞ ገጽ ላይ ግን በራሷ እጅ በቀይ "ሐሰት" ተጽፏል።

"የእርስዎን አንዱንም ከፍቼ አላየሁም" አለች።

አያ አድማሴ መነጽራቸውን አድርገው ምስሉን ሲያዩ ቆዩ።

ናዝራዊት ካርቶኑ አጠገብ ተንበረከከች፤ የተፈታውን ሲባጎ መልሳ ማሰር ጀመረች። ቋጠሮው ሁለቴ አመለጣት። በሦስተኛው እሳቸው ጎንበስ ብለው አውራ ጣታቸውን መሀሉ ላይ ጫን አደረጉላት።