እግር ያወጣው መንገድ

በዚያ ዘመን በገጠር የእግርና የብስክሌት መንገድ ይሠራልን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። መሬት ውስጥ የተቀበሩ መሣሪያዎች ሰው አዘውትሮ የሚረግጠውን ይለያሉ፤ ማሽኖች መጥተው ያነጥፉታል፤ ዳር ዳሩንም ችግኝ ይተክሉበታል።

አንድ ቀን ጥሩዓለም ከጓሮዋ ተነሥቶ ወደ ገደሉ የሚወርድ አዲስ መንገድ አየች። እሷ በዚያ በኩል ሄዳ አታውቅም። ቤቱ ውስጥ ያለው ሌላ እግር የባሏ የአስረስ ብቻ ነው። ሰሞኑን ወደ እርሻ ሲወጣ «ምሳዬን አብዝተሽ ቋጥሪልኝ» የሚላት ትዝ ሲላት ደሟ ፈላ።

«ሴት ቢያስቀምጥ ነው» አለችና መንገዱን ይዛ ወረደች።

መንገዱ ያለቀው አንድ ዋሻ አፍ ላይ ነው። ውስጥ የተቀመጠው ግን በጠብ ሰው ገድሎ ሱዳን ገባ የተባለው ልጇ ምናለ ነበር። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

አስረስ እያለከለከ ደረሰ።

«ለምን ደበቅከኝ?» ብላ ጮኸችበት።

«አፍሽን ሳይሆን እግርሽን ፈርቼ ነው። እናት ነሽ፣ በየቀኑ ትመላለሻለሽ ብዬ። እኔ መንገድ እየቀያየርኩ ነበር የምመጣው፤ ጉልበቴን ሲያመኝ ጊዜ አቋራጩን ለመድኩት።»

ጥሩዓለም ቀና ስትል የሟች ወንድም አፋፉ ላይ ብስክሌቱን አቁሞ አዲሱን መንገድ ቁልቁል በዓይኑ ይከተላል።

«ሂድ ልጄ» አለች ምናለን ወደ ጫካው እየገፋች። «የረገጥከውን ዳግመኛ እንዳትረግጥ።»

ምናለ አመለጠ። ከዓመታት በኋላ አስረስ የልጃቸውን መድረሻ ሲሰማ ሊነግራት ፈለገ። ጥሩዓለም አፉን በእጇ ያዘችው። ብታውቅ እግሯን ማሰር አትችልም ነበር።