ሉቺና የላሰችው እጅጌ

ዚናይዳ ማለቢያው በረት ውስጥ የፋይናን ካፖርት ከመስቀያው አውርዳ ለበሰችው። ትከሻው ጠበባት፤ ቢሆንም እስከ አንገቷ ቆለፈችው። የፋይናን ሻሽም ጠመጠመች። ፋይና ባልዲ ልታጥብ ወደ ውሃ ጉድጓዱ ወርዳለች፤ ሳትመለስ ሉቺናን አልባ መጨረስ አለባት።

ሉቺና ሙስ ናት፤ ከአጋዘን ዘር ሁሉ ትልቋ፣ ከፈረስ የምትረዝም። በተወለደች በአራተኛ ቀኗ እናቷ ሞተችባትና በጡጦ ያሳደገቻት ዚናይዳ ናት። በዚህ ጫካ ዳር ባለው የሙስ እርባታ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚናይዳ በቀር ሉቺናን ያለበ ሰው አልነበረም። ሙስ እንደ ላም አትነዳም። ጫካ ውላ ጡቷ ሲሞላ፣ ለምትወደው ሰው ብላ በራሷ እግር ትመጣለች።

ጥር ላይ ዚናይዳን በረዶ አንሸራቶ ጣላት። ዳሌዋ ተሰብሮ ከተማ፣ ሆስፒታል ከረመች። ግንቦት ላይ ሉቺና ወለደች። ሙስ በወለደች ሰዓት አጠገቧ ያገኘችውን እጅ ትልሳለች፤ አንዴ ከላሰችው ልጇ ነው። የላሰችው አዲሷን አላቢ፣ ፋይናን ነው።

ዚናይዳ ከተመለሰች ሳምንቷ ነው። የመጀመሪያው ቀን ስትጠጋት ሉቺና ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጠፈች፣ የጀርባዋን ፀጉር አቆመች፣ አፍንጫዋን በምላሷ ላሰች። የማያውቅ ሰው መሽኮርመም ይመስለዋል። ዚናይዳ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ተኩላን እንኳ የሚገድል የፊት እግር ምት መሆኑን ታውቃለች። የኋሊት እየተራመደች ወጣች።

"አይዞዎት እትዬ ዚና፣ ትለምድዎታለች" አለቻት ፋይና።

ትለምድዎታለች! ሳምንቱን ሙሉ ዚናይዳ ይቺን ቃል ለራሷ ስትደጋግማት ሰነበተች።

አሁን ሉቺና ግንዳቸው ነጭ ከሆነ ዛፎች መሃል ብቅ አለች። ያን ሁሉ ቁመት ይዛ አንዲት ቅጠል ሳታንኮሻኩሽ፣ ከአገጯ ሥር የተንጠለጠለው ቆዳ እየተወዛወዘ ወደ በረቱ መጣች። ዓይኗ ደካማ ነው፤ የምታምነው አፍንጫዋን ነው። ያ ረጅም ለስላሳ አፍንጫ ሻሹን አሸተተ፣ ትከሻውን አሸተተ፣ እጅጌው ላይ ቆየ። ከዚያ ለግልገሏ ብቻ የምታሰማውን ለስለስ ያለ ድምፅ አሰማች።

ዚናይዳ ጎንበስ አለች። ዳሌዋን ወጋት። ወተቱ ወፍራም ነው፤ ባልዲው ውስጥ ሲወርድ ድምፁ እንኳ የላም ወተት አይመስልም። ሉቺና አንገቷን አዙራ እጅጌውን ትልሳለች። አንዴ ምላሷ ስቶ ከእጅጌው የወጣውን የዚናይዳን እጅ ነካ። ቆም አለች። ተመልሳ ጨርቁን ላሰች።

"አንቺ፣ የኔ እጅ ነው" አለቻት ዚናይዳ በሹክሹክታ። "ጡጦ ያጠባሽ እጅ።"

ከሉቺና ጆሮዎች አንዱ ብቻውን ወደ ኋላ ዞረ። እሷ የሰማችውን ዚናይዳ ገና አልሰማችም። ቆይቶ የባልዲ ኮሽታ መጣ፤ ፋይና በካፊያ ረጥባ የበረቱ በር ላይ ቆማለች።

"እትዬ ዚና፣ የኔን ካፖርት ነው የለበሱት?"

"በረደኝ።"

"በዚህ ሙቀት?"

ዚናይዳ ማለቧን ቀጠለች። ሉቺና ግን አንዴ ወደ ካፖርቱ፣ አንዴ ወደ ፋይና አሸተተችና ሁለቱንም ትታ ከበረቱ ማዶ ወዳለው ሐይቅ ተራመደች።

ፋይና ሳቀች። "እኔስ በምን የቀረብኳት ይመስልዎታል? የወለደች ዕለት አላስጠጋ ብትለኝ፣ ሳጥንዎ ውስጥ ያለውን ሹራብ አውጥቼ ለበስኩ። እርስዎን መስያት እኮ ነው የላሰችኝ።"

ዚናይዳ ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

"ሳጥኔን ማን ክፈቺ አለሽ?" አለቻት።

የፋይና ሳቅ ከፊቷ ጠፋ። ሁለቱም ወደ ሐይቁ ዞሩ። ሉቺና እስከ ደረቷ ገብታለች። አንገቷን ዝቅ፣ ጭንቅላቷን ጥልቅ አድርጋ ከነጀርባዋ ሰጠመች። ውሃው ከላይዋ ተዘጋ።

ፋይና የመጣችው ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሳለ ነው፤ ከቀለጠ ወዲህም እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ባልዲዋን ጣለች።

"እትዬ ዚና! አልወጣችም እኮ! ምን ሆነች?"

ሙስ የሐይቅ ሥር ሣር ለመጋጥ አፍንጫዋን ዘግታ ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ መቆየት ትችላለች። ዚናይዳ ይህን ካወቀች ብዙ ዓመት ሆኗታል።

ወተቱን ከካፊያው በክዳን ሸፈነች፤ ምንም አልነገረቻትም።